የሚያንኳኳ ሞተርና የሚቸኩል ፍርድ

አንድ አሮጌ ሞተር ማንኳኳት ሲጀምር ለባለቤቱ የሚነገረው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። በቢየላውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል የሚቀመጠው ስስ የብረት ልባስ፣ በጋራዥ ቋንቋ ብሮንዚን የሚባለው፣ ሲበላ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ይህን ችላ ብሎ መንዳትም ሞተሩን እስከ መስበር ያደርሳል። ነገር ግን ያንኑ የመሰለ ድምፅ ከሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ ከፊት ጫፉ ላይ ከታሰረ አንድ የላላ ፑሌጃ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ሕመም ሞተሩን አውርዶ መበተንን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው፣ በጊዜ ከተደረሰበት፣ አንድ ብሎን በሚገባ ከማጥበቅ አያልፍም። በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ለአንድ ባለ ታክሲ የልጆቹን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ያህል ሊሆን ይችላል።

የዚህ መጽሔት አንባቢያን «የፊዚክስ መምህር ከፑሌጃ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ሊጠይቁ ይችሉ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በአንድ የላላ ፑሌጃ ዙሪያ በመጀመሪያ ዓመት የሜካኒክስ ትምህርት የምናስተምረው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ተሰብስቦ ይገኛል። ሆኖም በዚያ ትምህርት ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪያችን ኮፈን ተከፍቶ ቢቆምለት ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ይህ የተማሪው ጉድለት ሳይሆን የአስተማሪነታችን ጉዳይ ነው ብለን ስለምናምን፣ አስቀድመን ስለ ፑሌጃው፣ ከዚያም ስለ እኛ ስለ መምህራኑ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ክራንክ ሻፍት የፒስተኖችን ወደላይና ወደታች መመላለስ ወደ መዞር የሚለውጠው ወፍራም ዘንግ ነው። የኋላው ጫፍ ኃይሉን ወደ ካምቢዮ ያስተላልፋል፤ የፊተኛው ጫፍ ከሞተሩ ፊት ብቅ ብሎ ፑሌጃውን ይሸከማል። ፑሌጃው ደግሞ በቺንጋ አማካይነት ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና በብዙ አሮጌ ሞተሮች ዘንድ ማራገቢያውን ያዞራል። በአገራችን ለረዥም ዘመን ያገለገሉትን ሁለት መኪኖች ብንወስድ፣ ዲኤክስ እየተባለ በሚጠራው የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ ላይ ፑሌጃው በአንድ ብሎን ከዘንጉ አፍንጫ ጋር ይታሰራል። ስንት ቤተሰብ ያስተዳደረችው ላዳ ደግሞ ጥርስ ያለው፣ በ38 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ትልቅ ማሰሪያ አላት፤ ጥርሱ ሞተሩን በእጅ አዙሮ ለማስነሳት የሚያገለግለው ብረት የሚገባበት ነው። በሁለቱም ላይ በዘንጉና በፑሌጃው መካከል አንዲት ትንሽ የብረት ሽብልቅ በተዘጋጀላት ቦይ ውስጥ ትቀመጣለች።

ስለዚች ሽብልቅ በስፋት የሚነገር የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ብዙዎች ፑሌጃውን የምታዞረው እርሷ ናት ብለው ያምናሉ። የሽብልቋ ዋና ተግባር ግን ፑሌጃው በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር አንድ አድርጎ የሚያዞረው በብሎኑ መጨበጥ ምክንያት በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ብሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ ለዓይን በማይታይ መጠን ይረዝማል። ሮበርት ሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሞላ የደረሰበት ሕግ ለብሎንም ይሠራል። የተለጠጠው ብሎን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገል ፑሌጃውን በዘንጉ ላይ ይጫነዋል።

የጫናው መጠን ያስደንቃል። ለአብነት 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ብሎን በ100 ኒውተን ሜትር ብናጠብቀው፣ በተለመደው የመሐንዲሶች ስሌት ወደ 42,000 ኒውተን የሚጠጋ የመጨበጥ ጉልበት እናገኛለን። ይህ ከ4 ቶን በላይ ክብደት ማለት ነው። የሰበቃው መለኪያ 0.15፣ የሚነካካው ፊት አማካይ ራዲየስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ መጋጠሚያው ሳይንሸራተት ወደ 94 ኒውተን ሜትር የሚደርስ ጥምዘዛ መሸከም ይችላል። ዲናሞውና ፓምፑ ተደምረው የሚጠይቁት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በሚገባ የታሰረ ፑሌጃ ሽብልቋን ጨርሶ ሥራ ፈት ያደርጋታል።

ታዲያ እንዲህ የጠበቀው ነገር እንዴት ይላላል? አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ ብሎኑን ያሰቡት ይመስላል። መልሱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞ ጥገና ነው። የፊተኛው የዘይት መከላከያ ጎማ ወይም የካቴናው ሽፋን ተቀይሮ ፑሌጃው ሲመለስ፣ ብሎኑ በግምት ይጠብቃል፤ በፊቶቹ መካከል አሸዋ ወይም የደረቀ ዘይት ይቀራል፤ ሮንዴላው ተጣሞ እያለ መልሶ ይገባል። ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጥምዘዛ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። ቀሪው በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሱ ላይ ያለውን ሰበቃ ለማሸነፍ ያልቃል። በመሆኑም የዛገና የደረቀ ጥርስ ያለው ብሎን ክንዳችን «ጠብቋል» እያለን ጭርሱን ሳይለጠጥ ሊቀር ይችላል። በአንጻሩ ጥርሱ ዘይት ከተቀባ በዚያው የክንድ ጉልበት የመጨበጡ ኃይል በሲሶ ያህል ሊጨምር ይችላል። እጅ የሚለካው ድካሙን እንጂ የብሎኑን መለጠጥ አይደለም።

ቀጥሎ ንዝረቱ ሥራውን ይጀምራል። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ብሎንን ከሁሉ በላይ የሚያላላው በርዝመቱ አቅጣጫ የሚመጣ መሳብና መግፋት ሳይሆን በጎን የሚመጣ መንሸራተት መሆኑን በሙከራ አሳይቷል። ምክንያቱን ለመረዳት ከቤት ዕቃ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። ሰፌድን ጥቂት ዘንበል አድርገን እህል ብናስቀምጥበት ሰበቃው ይይዘዋልና ባለበት ይቆያል። ሰፌዱን በጎን ስንነቀንቀው ግን እህሉ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይወርዳል። ሰበቃው በጎን መንሸራተቱን ለመቃወም ስለዋለ ቁልቁለቱን የሚቃወም ኃይል አጥቷል። የብሎን ጥርስ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ቁልቁለት ነው። ፑሌጃው በብሎኑ ራስ ሥር በጥቂቱም ቢሆን ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ከጀመረ፣ ብሎኑ ማንም ሳይነካው በገዛ ራሱ ይፈታል። ብዙ ሰው የሚተማመንበት ባለ ሞላ ሮንዴላ በዩንከር ሙከራ ፊት ይህን ማስቆም አልቻለም።

የመጨበጡ ኃይል ሲጠፋ ጭነቱ በሙሉ በዚያች ትንሽ ሽብልቅ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ነው ድምፁ የሚወለደው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ነዳጅ ያቀጣጥላል። በእያንዳንዱ ማቀጣጠል ዘንጉ ይፈጥናል፤ በመካከሉ ይዘገያል። መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በደቂቃ 800 ያህል እየዞረ ሲቆም፣ ይህ መፍጠንና መዘግየት በሰከንድ 27 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። ፑሌጃው የራሱ ኢነርሺያ ስላለው ዘንጉ ሲፈጥን ወደኋላ ይቀራል፤ ዘንጉ ሲዘገይ ቀድሞ ይሄዳል። በቦዩ ውስጥ የፀጉር ያህል ክፍተት ከተገኘ ሽብልቋን አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ይመታታል። በአንድ አቅጣጫ የሚመታውን ብቻ ብንቆጥር በአንድ ሰዓት ሚኒሞ ወደ 96,000 ምት ይሆናል። ብረት በብረት እንዲህ ሲቀጠቀጥ ሽብልቋ ትሸራረፋለች፤ ቦዩም ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲጨምር ምቱ ይበረታል። አስቀድሞ በአንድ ብሎን ሊፈታ ይችል የነበረው ችግር በዚህ መንገድ ዘንጉን ራሱን ወደ ማበላሸት ይሸጋገራል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የካሜራ ዘንጉን የሚያዞረው ጥርስም በዚሁ ብሎን ስለሚጨበጥ ጉዳቱ የሞተሩን የጊዜ አቀማመጥ እስከ ማዛባት ይደርሳል። በ1990 እና በ1991 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠሩት የማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪኖች፣ የዘንጋቸው አፍንጫ አጭር ስለነበር፣ በዚሁ ሕመም ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሳል።

ይህ ምት ከፑሌጃው ወደ ዘንጉ፣ ከዘንጉ ወደ ሞተሩ አካል በሙሉ ይሰራጫል። ከብረት ወደ አየር የሚያልፈው ድምፅ ከመጣው ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ክፍል ነው፤ አብዛኛው ወደ ብረቱ ተመልሶ ይዞራል። ስለዚህ በጆሮ ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው የድምፁ ምንጭ የሞተሩ ሆድ ይመስላል። መካኒኮች ረዥም ካቻቢቴ በሞተሩ ላይ አቁመው እጀታውን በጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት ይህን የብረትና የአየር ድንበር ለመዝለል ነው። ይህን ዘዴ ያስተማራቸው የፊዚክስ መምህር የለም።

በፋኩልቲያችን የሚያስተምር አንድ የሥራ ባልደረባችን ዲኤክስ መኪና አለው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረና ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰደው። ኃላፊው ኮፈኑን አስከፍቶ ለአፍታ አዳመጠ፤ «ብሮንዚን ነው፤ ይወርዳል» አለ፤ የበርካታ ወራት ደመወዝ የሚያህል ዋጋም ጠራ። ባልደረባችን ገንዘቡ ስላልነበረው ብቻ መኪናውን ይዞ ወጣ። ገንዘቡ ቢኖረው ኖሮ ሞተሩ ይበተን ነበር፤ ብሮንዚኑ ይቀየር ነበር፤ ሲገጠምም ፑሌጃው እግረ መንገዱን ስለሚጠብቅ ድምፁ ይጠፋ ነበር። ጋራዡም፣ ባልደረባችንም «ብሮንዚኑ ነበር» ብለው በሙሉ ልብ ያምኑ ነበር። በእኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ አስፈሪው ክፍል ይህ ነው። የተሳሳተ ምርመራ ስኬታማ ጥገና ሊያስከትል ይችላል፤ ስሕተቱም ዕድሜ ልኩን ሳይታወቅ ይቀራል።

ባልደረባችን ቀጥሎ የሄደው በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ነበር፤ እኛም አብረን ሄድን። አዛውንቱ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «መምህር፣ እስቲ የፊት መብራቱን ያብሩልኝ» አሉ። መብራቱ ሲበራ ድምፁ ጉልህ በሆነ መጠን ረገበ። «ያጥፉት» አሉ፤ ተመለሰ። «ጋሼ፣ መብራትና ሞተር ምን አገናኛቸው?» ብሎ ባልደረባችን ሲጠይቃቸው «ዲናሞው ሲጎትተው ዝም ይላላ!» ብለው ሳቁ።

ማታ ወረቀት ላይ ቁጭ ብለን የአዛውንቱን አባባል በቁጥር ፈተሽነው። ፑሌጃው 2 ኪሎ ግራም ይመዝን፣ ራዲየሱ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የሞተሩ ፍጥነት በሚኒሞ ላይ ከአማካዩ 5 በመቶ ከፍና ዝቅ ይበል። ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር እኩል ለማፍጠንና ለማዘግየት የሚያስፈልገው ጥምዘዛ ወደ 3.5 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የፊትና የኋላ መብራቶች 150 ዋት ያህል ይጠይቃሉ ብንል፣ የአሮጌ ዲናሞ ብቃት ግማሽ ቢሆን፣ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው ተጨማሪ ጭነት 3.6 ኒውተን ሜትር ነው። ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ግልጽ ነው። መብራቱ ሲበራ ቺንጋው ፑሌጃውን ወደኋላ የሚጎትትበት ኃይል፣ ፑሌጃው ወደፊት ሊዘል ከሚሞክርበት ኃይል ጋር ይስተካከላል፤ ወይም ይበልጠዋል። ፑሌጃው በሽብልቋ አንድ ጎን ተደግፎ ይቀራል፤ ምት የለም፤ ድምፅም የለም። ብሮንዚን ግን የመኪና መብራት በራ ጠፋ ብሎ ያን ያህል ጠባዩን አይለውጥም።

አዛውንቱ በዚህ አልረኩም። በጨርቅ በተጠቀለለ መቆንጠጫ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ እየነቀሉ መለሱ። የአንዱ ቢየላ ብሮንዚን ተበልቶ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሲሊንደር እሳት ሲቋረጥ ድምፁ መቀነስ ነበረበት፤ ምክንያቱም ቢየላውን ቁልቁል የሚገፋው የሚቃጠለው ጋዝ ግፊት ነው። የትኛውም ገመድ ሲነቀል ድምፁ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሞተሩ ስለተንገዳገደ ባሰበት። (ይህን ሙከራ ማድረግ የሚቻለው እንደዚህ ባሉ አሮጌ ሞተሮች ላይ፣ ያውም በጥንቃቄ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ማቀጣጠያን ሊያቃጥል ይችላል፤ የሚነዝረውም ቀላል አይደለም።) ከዚያም ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ከተቀበሉ በኋላ ፑሌጃውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወዘወዙት። መንቀጥቀጡ በእጅ ይታወቅ ነበር። በመጨረሻም ከብሎኑ ራስ ተነስቶ እስከ ፑሌጃው ጠርዝ ድረስ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነስተው አጠፉ። መስመሩ በብሎኑና በፑሌጃው መካከል ተቆርጦ ተገኘ።

የጠመኔው መስመር ሌላም ጥቅም አለው። በብዙ ሞተሮች ላይ ፑሌጃው አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን፣ በመሐሉ ባለው እምብርትና በውጭው ቀለበት መካከል ጎማ የተጣበቀበት የንዝረት ማብረጃ ነው። እንዲህ ያለ ማብረጃ በክራንክ ሻፍት ላይ የመግጠሙ ሐሳብ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንችስተርን ከመሳሰሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መሐንዲሶች የመጣ ነው። ጎማው ሲያረጅ ቀለበቱ በእምብርቱ ላይ ይንሸራተታል። ይህ ከላላ ብሎን የተለየ ሕመም ቢሆንም ምልክቱ ይመሳሰላል፤ ቺንጋ ይጮኻል ወይም ይዘላል፤ ፑሌጃው ሲዞር ይወላገዳል። መስመሩ የተቆረጠው በብሎኑና በእምብርቱ መካከል ከሆነ ብሎኑን፣ በእምብርቱና በቀለበቱ መካከል ከሆነ ጎማውን እንጠረጥራለን። በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው የማቀጣጠያ ጊዜ ምልክትም አብሮ ስለሚዞር፣ በዚያ ምልክት ተማምኖ ሞተሩን የሚያስተካክል መካኒክ በሐቀኛ መሣሪያ ሐሰተኛ ውጤት ያነባል።

ቺንጋውን ፈትቶ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ማስነሳትም የታወቀ ሙከራ ነው፤ የውሃ ፓምፑ ስለሚቆም ከዚያ በላይ ማቆየት አይገባም። ስለዚህ ሙከራ ግን ማስጠንቀቂያ አለን። ድምፁ ከተለወጠ ጥርጣሬያችንን ከብሮንዚኑ ላይ እናነሳለን። ጨርሶ ከጠፋ ዲናሞውንና ፓምፑንም መመርመር ይገባል። ድምፁ ሳይለወጥ ከቀረ ግን ፑሌጃው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ የላላ ፑሌጃ ያለ ቺንጋም ሊያንኳኳ ይችላልና። አንድ ሙከራ በአንድ ወገን ሲፈርድ በሌላው ወገን ዝም ሊል እንደሚችል ተማሪዎቻችን በሎጂክ ትምህርት በፊደል ያውቁታል፤ በእጃቸው ግን አልዳሰሱትም።

ለተማሪዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ሁልጊዜ ከመንስኤ ወደ ውጤት የሚወርድ ነው። ግዝፈቱ ይህ ነው፤ ጉልበቱ ይህ ነው፤ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? መልሱ አንድ ነው፤ በመጽሐፉ ጀርባም ተጽፏል። ውጤቱን ሰጥተን መንስኤውን የምንጠይቅበት ቀን የለም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን አንድ መልስ የለውም፤ አንድ ድምፅ አራት አባት ሊኖረው ይችላል። ይህ የሳይንስ ዳር ሳይሆን እምብርቱ ነው። ፈረንሳዊው ለ ቬሪዬ በ1846 እ.ኤ.አ. የኡራኑስን ጉዞ መዛባት ተመልክቶ ያልታየ ፕላኔት እንዳለ ተነበየ፤ ኔፕቲዩንም እርሱ ካመለከተው ቦታ አጠገብ ተገኘች። እርሱው በ1859 እ.ኤ.አ. የሜርኩሪን ጉዞ መዛባት ተመልክቶ በዚያው ዘዴ ሌላ ስውር ፕላኔት ተነበየ፤ ያቺ ግን አልነበረችም። የሜርኩሪ መዛባት ምንጩ የስበት ሕጉ ራሱ መሆኑ በ1915 እ.ኤ.አ. በአይንሽታይን ሥራ እስኪታወቅ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ምልክቱ ተመሳሳይ ነበር፤ ሕመሙ ግን ሌላ።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ዩኒቨርሲቲ ጋራዥ አይደለም፤ ለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ» ይሉናል። ይህን ክርክር አንቀበለውም። ለሦስተኛ ዲግሪ በውጭ አገር በቆየንበት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መለኪያችን ሲዛባ መጀመሪያ የሚጠራው ፕሮፌሰሩ ሳይሆን የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ነበር። መዳፉን በጠረጴዛው ላይ አሳርፎ የትኛው ፓምፕ እንደሚንቀጠቀጥ ይለይ ነበር፤ ፕሮፌሰሩም አጠገቡ ቆሞ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ቱታ የለበሰና ነጭ ጋዋን የለበሰ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቆሙም።

አዛውንቱን ስናመሰግን ሌላውን ጎን መሸፈን የለብንም። ምርመራቸው ለማንኛውም ቤተ ሙከራ አርአያ የሚሆን ነበር፤ ሊያደርጉት ያሰቡት ሕክምና ግን አልነበረም። የሰፋውን ቦይ ከቆርቆሮ ጣሳ በተቆረጠ ቅጥልጣይ ሞልተው፣ ብሎኑን አንድ ሜትር በሚሆን ቱቦ በተራዘመ ቁልፍ ሊያጠብቁት ነበር። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በዚያ ቱቦ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢጥል 590 ኒውተን ሜትር ያህል ጥምዘዛ ይፈጥራል፤ ይህ ለእንደዚህ ያለ ብሎን ከሚገባው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ብሎኑ ከመለጠጥ አልፎ ይበጠሳል፤ ራሱ ተቆርጦ ግማሽ አካሉ በዘንጉ ውስጥ ይቀራል። ቆርቆሮውም በሰዓት መቶ ሺህ ያህል ምት ሲያርፍበት አንድ ሳምንት አይቆይም። ከዚህም የባሰ፣ ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር በብየዳ የሚያጣብቁ አሉ፤ ከዚያ በኋላ የዘይት መከላከያ ጎማ መቀየር ሲያስፈልግ ዘንጉን መቁረጥ ግድ ይላል። እዚህ ላይ ፊዚክስ የሚለው ነገር አለው። አዛውንቱ ግን ስለ ብሎን መለጠጥ የሚነግራቸው አንድም የአማርኛ መጽሐፍ አላገኙም፤ እኛ አልጻፍነውምና።

በመጨረሻ የተደረገው ይህ ነው። ፑሌጃው ወጥቶ በቶርኖ ቤት ቦዩ ተስተካከለ፤ ልኩን የጠበቀች አዲስ ሽብልቅም ተሠራች። የዘንጉ ቦይ ጉዳት ቀላል ስለነበር በሞረድ ተጠረገ። ፊቶቹ በቤንዚን ታጠቡ፤ አዲስ ብሎንና ወፍራም ሮንዴላ ተገዙ፤ ለማጥበቂያም የጥምዘዛውን መጠን የሚያሳይ ቶርክ ሬንች በውሰት መጣ። ጠቅላላ ወጪው መጀመሪያ ከተጠራው ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላም። አዛውንቱ ቶርክ ሬንቹን ሲጠቀሙ ክንዳቸው ከለመደው ልክ ጋር እያነጻጸሩ «እኛስ ይህን ያህል አናጠብቅም ነበር» አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም «አንዳንዱን ደግሞ አብዝተን ነበር» ብለው አከሉ።

ነገሩ ከአንድ መኪና በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስመጣትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ዓላማውን ብንደግፍም ባንደግፍም፣ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ እንዲያገለግሉ መገደዳቸው አይቀርም። ስካነር ያድነናል የሚሉም አሉ። ስካነር ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ የዘንጉን አቀማመጥ የሚለየው ባለ ጥርስ ቀለበት ፑሌጃው ላይ በሆነባቸው ሞተሮች ግን፣ ፑሌጃው ሲላላ ስካነሩ የሚከሰው ሴንሰሩን ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ ይቀየራል፤ ክሱም ይመለሳል።

ለፋኩልቲያችን የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሁለተኛ ዓመት የሜካኒክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የፔንዱለሙን ሙከራ ለሦስተኛ ጊዜ ከመድገም፣ በብረት ማቆሚያ ላይ የተተከለ አንድ አሮጌ የዲኤክስ ሞተር ይቅረብ። ቴክኒሺያኑ በየሳምንቱ አንድ ነገር ያበላሽበት፤ አንዳንዴ ፑሌጃውን ያላላ፣ አንዳንዴ የዲናሞውን ማሰሪያ፣ አንዳንዴም ምንም አይንካ። ተማሪዎቹ ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት የሚጠረጥሯቸውን መንስኤዎች፣ እያንዳንዱን የሚለይ ሙከራና ከሙከራው የሚጠብቁትን ውጤት በጽሑፍ ያስቀምጡ። ድምፁን በእጅ ስልካቸው ቀድተው ድግግሞሹን ይቁጠሩ፤ በሚኒሞ ላይ የአንድ ሲሊንደር ማቀጣጠል በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል፣ የዘንጉ መፍጠንና መዘግየት ደግሞ 27 ጊዜ ያህል መሆኑን ከራሳቸው ቅጂ ያግኙት፤ የላላ ፑሌጃ ምት እንደ ሰዓት የተስተካከለ አለመሆኑንም ይመልከቱ። ውጤት የሚሰጣቸውም መንስኤውን ስላገኙ ሳይሆን፣ ምን ቢያዩ ሐሳባቸውን ይለውጡ እንደነበር አስቀድመው ስለ መጻፋቸው ይሁን። አዛውንቱ መካኒክ በወር አንድ ቀን መጥተው ከተማሪዎቹ ጋር ለመዋል ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል፤ የሚከፈላቸው አበል በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚያዝ ግን የፋኩልቲያችን አስተዳደር እስካሁን አልወሰነም።